ጫማ ያዡና የጎደሬው ገመድ፦ የታሪክ ክበብ ዘገባ

መስከረም ላይ 23 ተማሪዎች ተመዘገቡ። የዓመቱን ርዕስ ራሳችሁ ምረጡ ብላቸው፣ አብዛኞቹ በአንድ ድምፅ «ሳሙራይ!» አሉ፤ የድሮው የጃፓን ጦረኛ ማለት ነው። የታያቸው ጎራዴው ነው። እኔም አንድ ነገር አስገባሁ፤ ሳሙራዩን እንተወውና ከኋላው የሚሄደውን ሰው እናጥና። አኮረፉ። በሚቀጥለው ረቡዕ የመጡት 14 ነበሩ።

ሳሙራይ ብቻውን አይዘምትም። ጦሩን የሚሸከምለት፣ ፈረሱን የሚይዝለት፣ ጫማውን የሚያቀርብለት ሰው አለው። እኛ ጋሻ ጃግሬ እንደምንለው ዓይነት። ጃፓኖች ቹገን፣ ኮሞኖ እያሉ በየደረጃው ይጠሯቸው ነበር። እግረኛው ወታደር ደግሞ አሺጋሩ ይባላል፤ «ቀላል እግር» ማለት ነው። በ1467 በተነሳው የኦኒን ጦርነት (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች ናቸው) አሺጋሩዎች ኪዮቶን ዘረፉ፣ አቃጠሉ፤ ስማቸው ከፋ። በ1575 በናጋሺኖ ውጊያ ግን የጦር መስፍኑ ኦዳ ኖቡናጋ ጠመንጃ አስይዞ ከእንጨት አጥር ጀርባ አሰለፋቸው። የባላንጣው የታኬዳ ካትሱዮሪ ጦር ተሰበረ።

ልጆቹን ልባቸውን የሰረቃቸው ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ነው። የኖቡናጋ ጫማ ያዥ ሆኖ እንደጀመረ ይተረካል። በብርድ ወቅት የጌታውን ነጠላ ጫማ ብብቱ ሥር ሸጉጦ ያሞቅለት ነበር አሉ። ይህቺ እንኳ ተረት ሳትሆን አትቀርም። ከተራ ቤተሰብ ተነስቶ ጃፓንን መግዛቱ ግን እውነት ነው። ከዚያስ? በ1588 ከገበሬው እጅ ጎራዴ ሰበሰበ። በ1591 ደግሞ የሳሙራይ አገልጋይ የነበረ ገበሬ ወይም ነጋዴ እንዳይሆን፣ ገበሬውም እርሻውን ጥሎ ንግድ እንዳይገባ ከለከለ። አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ «እሱ ከገባ በኋላ በሩን ቆለፈዋ!» አለች። ሦስት ረቡዕ በዚሁ ስንከራከር አለቀ። «ጦርነት እንዲቆም ነው» የሚሉም ነበሩ፤ እኔ ከልጅቷ ጋር ነኝ።

ሰላም ሲወርድ ረዳቶቹ ቢሮ ገቡ። በኤዶ፣ በዛሬዋ ቶኪዮ፣ ሁለት የከተማ ሹሞች ነበሩ። ከእነሱ በታች ዮሪኪ የሚባሉ ረዳቶች፣ ከዮሪኪ በታች ዶሺን። ዶሺኑ አጭር የብረት ዘንግ ይዞ ከተማውን ይጠብቃል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የከተማዋ ሕዝብ ሚሊዮን ገደማ ደርሶ ነበር። ይህን ሳስረዳ ግማሹ አዛግቷል፤ አልደብቅም።

ያነቃቸው ገመዱ ነው። አሺጋሩዎች የጎደሬ አገዳ አድርቀው፣ በሚሶ (ከአኩሪ አተር የሚቦካ ጨዋማ ሊጥ ነው) ቀቅለው ገመድ ይሠሩ ነበር። በመንገድ ዕቃ ያስሩበታል። ሲርባቸው ቆርጠው ፍል ውኃ ውስጥ ይጨምሩታል፤ ሾርባ ሆነ። ይህን ስናገር አንዱ ልጅ «ቲቸር፣ አክስቴ ሶዶ ናት!» አለ። በሳምንቱ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ አገዳ መጣ። ሚሶ ከየት ይምጣ? በጨው ቀቀልነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በደንብ ሳይደርቅ አስገመድኳቸው። በወላጆች ቀን አራት ደብተር አስረን ብናነሳ እዚያው ተበጠሰ። ወላጆች ሳቁ። ሾርባውን ግን ማንም እንዲቀምስ አልፈቀድኩም፤ ጎደሬ በቅጡ ካልበሰለ ጉሮሮ ያሳክካል።

የተረፈው አገዳ አሁንም ከላቦራቶሪው ጀርባ ተሰቅሎ እየደረቀ ነው። የላቦራቶሪው ኃላፊ ባገኙኝ ቁጥር መቼ እንደማነሳው ይጠይቁኛል። ልጆቹ ደግሞ እስከ መስከረም እንዳይነካ ብለዋል።