ለሙሌ፣ ስለ ጉዚዋ

ሙሌ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ? የሀዋሳ አየር ተስማምቶህ ወፍረሃል አሉ፤ ወሬው ግንፍሌ ድረስ ደርሷል።

ስድስት ዓመት ድምፄን ማጥፋቴን ይቅር በለኝ። ሰበብ አልደረድርልህም። ስልክህን ስንት ጊዜ አውጥቼ ሳልደውል እንደተውኩት የማውቀው እኔ ነኝ። በደብዳቤ የመጣሁት የምነግርህ ነገር ስላለ ነው። በስልክ ከጀመርኩት ግማሹ ላይ ታቋርጠኛለህ፤ ያን አመልህን መቼም አልተውከውም። እኔም በዚያው አሳብቤ ሳልጨርሰው እቀራለሁ።

ጉዚዋን ፈታኋት።

አዎ፣ የአባባን ሞተር ብስክሌት፣ ሞቶ ጉዚ ፋልኮኔዋን። በ2016 ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ዕቃ ስናወጣ፣ ከማድ ቤቱ ጀርባ ሸራዋን እንደለበሰች አገኘናት። ወንድሜ ለቁራሌው እንስጣት አለ። እኔ እምቢ ብዬ በአይሱዙ አስጭኜ ቤቴ አመጣኋት። ብዙ ወራት በረንዳ ላይ ቆመች። ባለቤቴ አንድ ቀን ልብስ ልታሰጣ ወጥታ፣ «ወይ ሥራት፣ ወይ ሽጣት፤ ቆማ ስታይህ እኔንም ታሳዝነኛለች» አለችኝ። በማግስቱ ጀመርኩ።

የጥገና መጽሐፉን ያገኘሁት በጣሊያንኛ ነው። ጣሊያንኛ እንደማልችል ታውቃለህ። ግን ገጹን ስገልጥ ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቢዬላ እያለ ይቀጥላል። ሁሉንም ቅዳሜ ቅዳሜ ከአባባ አፍ የሰማነው ነው። ቁልፍ አቀብሉኝ እያለ የሚጠራን መሰለኝ፤ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ።

ሲሊንደሩ እንደምታስታውሰው ወደ ፊት የተጋደመ ነው። 500 እንላት የነበረው በመጽሐፉ 498 ሲሲ ናት፤ የሲሊንደሩ ስፋት 88 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ 82። ፒስተኑ ግን ምልልሱን ከተወ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ናፍጣ እያጠጣሁ፣ ማታ ማታ በእንጨት ቀስ እያልኩ እየመታሁ፣ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ሲወጣ ሆዱ በኩል እንደ ድመት ጥፍር ተቧጥሯል፤ አልሙኒየሙ ቀልጦ ሲሊንደሩ ላይ ተለጥፏል።

ኩሽኔታዎቹን እንዴት እንዳወጣሁ ብነግርህ ትስቃለህ። በመዶሻ መምታት ፈራሁ፤ የሞተሩ ቤት አልሙኒየም ነው፣ ከተሰነጠቀ ሌላ የት ይገኛል? አልሙኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ያህል እንደሚሰፋ አባባ ነግሮን አልነበር? የድሮውን የኤሌክትሪክ ምጣድ ለኮስኩና የሞተሩን ቤት በአፉ ደፋሁት። ውኃ ጠብ ሳደርግበት ቸስ ብሎ እስኪዘል ጠበቅሁ። ከዚያ በጨርቅ ይዤ እንጨት ላይ አንዴ ቸብ ሳደርገው፣ ኩሽኔታው ቀለበት ከጣት እንደሚወጣ ዱብ አለ። ከደስታዬ ብዛት ጮኼ ባለቤቴ ተቃጠለ ብላ ሮጣ መጣች። ያኔ ነው አንተን የፈለግሁህ። ከአንተ ሌላ የዚያ ነገር ደስታ የሚገባው ሰው የለኝም።

አሁን ወደማልፈልገው ቦታ ደረስኩ። ሻይ ልጠጣና ልመለስ።

መጣሁ። የዘይቱን ቧንቧ ከታንኩ ሥር ፈትቼ ስነፋው አየር አላሳልፍ አለኝ። የጃንጥላ ሽቦ አጥፌ አስገባሁና ጎተትኩ። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፣ ዘይት የጠጣች የጨርቅ ውታፍ ወጣች። ቤንዚን ውስጥ አጠብኳት። ሙሌ፣ አረንጓዴ ጥለት ናት። የእማዬ ነጠላ ጥለት።

በ1985 በወደቅንበት እሁድ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ሞተሯን ላጥባት ብዬ ቧንቧውን የፈታሁት እኔ ነኝ። ዘይቱ እንዳይንጠባጠብ ከአሮጌው ነጠላ ቀድጄ የወተፍኩትም እኔ። አንተ በዚያን ቀን ጭራሽ አልነበርክም። ስገጥመው ሳላወጣው ረሳሁ። መወተፌንም እስከ ዛሬ ረስቼው ነበር፤ ጨርቋን ይዤ ስቆም ሁሉም መጣልኝ።

እሁድ ጠዋት የዘይቱን ታንክ ከፍተህ «ሙሉ ነው» አልክ። ሽሮ ሜዳን አልፈን የእንጦጦ ዳገት ላይ ያ ጩኸት፣ የኋላ ጎማው ቀጥ ማለቱ፣ መውደቃችን። ክዳኑ ተከፍቶ ዘይቱ መንገድ ላይ ስለፈሰሰ የሚመሰክርልህ ነገር አልቀረም። አባባ ሲጠይቅህ «አይቻለሁ ጋሼ፣ ሙሉ ነበር» አልከው፤ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። እሱም ዘይት ያላት ሞተር እንዲህ ነክሳ ቀጥ አትልም ብሎ ውሸታም አለህ። እኔ አጠገብህ ቆሜ ነበር። ሲጠይቀኝ «እኔ አላየሁም» አልኩ።

አይቼ ነበር። በትከሻህ ላይ አጎንብሼ አብረን ነው ያየነው።

ጨርቋን አላውቅም ነበር፤ ይሄንን ግን አውቅ ነበር። አባባ እጅህን አይቶ ይሄ ልጅ ለመካኒክነት ነው የተፈጠረው ይል የነበረው ሰው፣ ከዚያ ወዲያ ስምህን አላነሳም፤ ሞተሯንም ሸራ አልብሶ እስኪያርፍ አልነካትም። አንተም ግቢያችን የገባኸው ለለቅሶው ነው፤ ድንኳኑ ጠርዝ ላይ ተቀምጠህ ንፍሮ እንኳ ሳትቀምስ ሄድክ። ተከትዬህ ወጥቼ ነበር። በሩ ጋ ስደርስ ታክሲ ይዘሃል።

ከዚህ በላይ መጻፍ አቃተኝ። ወደ ሞተሩ ልመለስ።

ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ፒስተን አንድ ዘመድ ከጣሊያን ይዞልኝ መጣ። የመጀመሪያው ቶርኖ ቤት ሲሊንደሩን አይቶ ጣለው አለኝ። ሁለተኛው ጋ አንድ ሽማግሌ ሦስት ቦታ ለክተው በፒስተኑ ልክ አስፍተውልኛል። ተገጥሟል። ቮላኖውን፣ ከሞተሩ ጎን ያለውን ከባድ መሽከርከሪያ፣ በእጄ ሳዞረው ቀስ ብሎ ይጨመቅና ፎሽ ይላል፤ ያን ድምፅ ብትሰማው!

የቀረኝ እሳቱ ነው፣ ካንዴላው የሚተኩስበትን ጊዜ መግጠም፤ እዚህ ላይ ያለ አንተ አይሆንልኝም። ቮላኖው ጠርዝ ላይ በሞረድ የተበጀ ሁለት ጭረት አለ፤ ሁለቱም የአባባ እጅ ናቸው፣ በመካከላቸው አንድ ጣት ቢገባ ነው። የአዲስ አበባ አየር ስስ ስለሆነ እሳቱ ትንሽ መቅደም አለበት ይል ነበር፤ አንዱ ለዚያ ይመስለኛል። ግን የትኛው? ከቀደመ ስረግጣት መልሳ ቁርጭምጭሚቴን ትሰብረኛለች፤ ከዘገየ ደግሞ ትግላለች፣ አዲሱን ፒስተን እንደገና ላስነክስ ነው። ሁለተኛውን ሲሞርድ እኔን ሳሙና ልኮኝ ነበር። አንተ ነህ የሲጋራ ወረቀት እሳቱን በሚቆርጠው ፑንቲና መሃል ይዘህ ስትለቀቅ «አሁን!» ያልከው።

ቮላኖው ሲዞር ቀድሞ የሚመጣው ነው ወይስ ተከትሎ የሚመጣው? በአንዲት መስመር ብትጽፍልኝ ይበቃኛል። ልትጽፍልኝ ካልፈለግህም አልፈርድብህም። ብትመጣ ግን ወረቀቱን አንተ ትይዛለህ፣ ቮላኖውን እኔ አዞራለሁ። ጥለቷን በብልቃጥ አስቀምጫታለሁ፣ በዓይንህ እንድታያት። ቤንዚን እስካሁን አልሞላሁባትም።

ጌታቸው