ስለ ብጣሽ ጨርቅ፣ ስለ ጅማ እርጥበትና ስለ ግቢያችን ወፎች

ይድረስ ለክቡር አዘጋጅ፣

ጋዜጦቻችን ስለ አልባሳት ሲጽፉ ወይ የባህል ልብስን ያነሣሉ፣ ወይ የሳልባጅ ዋጋን። በየልብስ ሰፊው መኪና ሥር ሲመሽ ተጠርጎ የሚጣለውን ብጣሽ የሚያስታውሰው የለም። ከብጣሽ የተሰፋ የአልጋ ልብስ የታየ እንደሆነም «ድሪቶ» ተብሎ ይታለፋል። ስሙ ስድብ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። በችኮላ የተሰፋ የብጣሽ ሥራ ሁለት ጊዜ ሲታጠብ ይጨማደዳል፣ ቀለሙ ይዛመታል፣ ክረምት ሲገባ ይሻግታል። ሦስቱም መነሻቸው የታወቀ ስለሆነ፣ ሥራውን ሊሞክሩ ለሚያስቡ አንባቢዎቻችሁ ይህን ጽፈናል።

ቀዳሚው ጉዳይ ጨርቅ መለየት ነው። ጥጥ ከፖሊስተር ጋር ከተሰፋ ሲታጠብ ጥጡ ይሰበሰባል፣ ፖሊስተሩ ባለበት ይቀራል፤ መጋጠሚያው ላይ ጉብ ጉብ የሚለው በዚህ ነው። ዳስሶ መለየት ያሳስታል። ከጫፉ አጭር ክር መዝዞ ክብሪት ማስነካት ይሻላል፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ ልም አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ግን ቀልጦ ጠጣር ጥቁር ፍሬ ይሠራል። ቲሸርትና ሌላውም የሚለጠጥ ጨርቅ ለወለል መወልወያ ይቅር።

የተመረጠው ሁሉ ሳይቆረጥ በፊት ይታጠባል። ቀዩና ጥቁር ሰማያዊው ለየብቻ፣ ውሃው እስኪጠራ ሦስትም አራትም ጊዜ። «ጨው ጨምሩበት፣ ቀለሙን ይይዘዋል» የሚል ምክር በየቤቱ አለ፤ ፋብሪካ ለነከረው ጨርቅ አይሠራም። እርጥቡን ቀይ በነጭ አቡጀዲ ጠቅልሎ ማሳደር በቂ ፈተና ነው። ጠዋት አቡጀዲው ከቀላ ያ ጨርቅ ገና አልደረሰም።

ለሜትር ከሃያ አልጋ 160 በ200 ሳንቲ ሜትር የሆነ ልብስ ይበቃል። ለዚህ 320 ካሬ ብጣሽ ያስፈልጋል፤ ወደ ጎን 16፣ ወደ ቁመት 20። እያንዳንዱ 11.5 በ11.5 ሳንቲ ሜትር ይቆረጣል። በየጎኑ 7.5 ሚሊ ሜትር ስፌት ይበላዋል፣ 10 በ10 ይቀራል። መለኪያው ከካርቶን ከተሠራ ከጥቂት ደርዘን ቁራጭ በኋላ ጠርዙ ተበልቶ ካሬው ይቀንሳል፤ ከቆርቆሮ ይሠራ። ምልክቱ በሳለ ሳሙና ነው፤ እስክሪብቶ ሲታጠብ ወደ ፊት ለፊት ይወጣል። የካሬው ጠርዝ ድሩንና ማጉን ይከተል። በሰያፍ የተቆረጠ ብጣሽ ገና በመኪናው ጥርስ ሲጎተት ይለጠጣል፣ ከጎረቤቱም ጋር አይገጥምም።

የአንድ ሚሊ ሜትር ነገር እዚህ ላይ አይናቅም። ስፌቱ በየጎኑ 1 ሚሊ ሜትር ጠልቆ ከገባ እያንዳንዱ ካሬ 2 ሚሊ ሜትር ያጣል፤ በ20 ካሬ 4 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። አንዱን ረድፍ እናት፣ ሌላውን ልጅ ከሰፋችው ደግሞ የሁለቱ እጅ ስለሚለያይ ረድፎቹ ጫፍ ለጫፍ አይገናኙም። መፍትሔው የመኪናው ሳህን ላይ፣ ከመርፌው በትክክል 7.5 ሚሊ ሜትር ርቆ ፕላስተር መለጠፍ ነው። የጨርቁ ጠርዝ ፕላስተሩን ታኮ ይሄዳል፣ ማንም ይስፋው ማን።

ረድፉ ሲያልቅ ስፌቱ በካውያ ወደ አንድ ወገን ይተኛል፤ የመጀመሪያው ረድፍ ወደ ቀኝ፣ ሁለተኛው ወደ ግራ፣ እንዲያ እየተፈራረቀ። ሁለቱ ረድፎች ሲጋጠሙ እጥፋቶቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ ማዕዘኑም አይዛነፍም። ካውያው እየተነሣ ይቀመጣል እንጂ አይጎተትም፤ መጎተት ካሬውን ያጣምመዋል። የከሰል ካውያ የሚጠቀም ሰው አመዱን ውጭ አራግፎ ይመለስ።

ስለ ውስጡ ሙሌት ሐሳብ ይለያያል። በደጋን የተነደፈ ባዘቶ ይሞቃል፣ ለዚህ መጠን ወደ 600 ግራም ይበቃል። ግን ልቅ ስለሆነ ይንሸራተታል፤ ስፌቱ በየ5 ሳንቲ ሜትሩ ካልያዘው ከጥቂት እጥበት በኋላ ጥግ ላይ ተጠቅልሎ መሐሉ ባዶ ይቀራል። ለጅማ አየር የእኛ ምርጫ ያረጀ ጋቢ ነው። ጋቢ አራት ንብርብር ስለሆነ ተፈትቶ ሁለት ሁለቱ ይለያል። ለዓመታት የታጠበ ነውና ከእንግዲህ አይሰበሰብም፣ ስፌቱም በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ቢሆን ይበቃዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከባዘቶ ይልቅ ቶሎ ይደርቃል።

ገበሩ የታጠበ አቡጀዲ ሆኖ በየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል፤ 180 በ220 ማለት ነው። ንጹሕ ወለል ላይ ገበሩ፣ ከዚያ ጋቢው፣ ከላይ የተሰፋው ብጣሽ ይነጠፋል። ሦስቱ ከመሐል ወደ ዳር፣ በየስንዝሩ በረጅም ክር ይወሰወሳሉ። ከዳር ወደ መሐል የጀመረ ሰው ትርፉን ጨርቅ መሐል ላይ ያከማቻል፣ ያ ደግሞ በኋላ ተሰፍቶበት ለዘለዓለም እጥፋት ሆኖ ይቀራል። መኪና ላይ ሲሰፋም እንዲሁ ከመሐል ነው፤ ስፌቱ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይርዘም፣ መርፌውም 90 ቁጥር ይሁን። ክሩ ከሥር ሲያጎፍር ብዙ ሰው የታችኛውን ያጠብቃል። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው ክር ነው፤ ጨርቁን የሚጫነው የመኪናው እግር ወርዶ ሳለ ስለተሰካ፣ ክሩን በሚጨብጡት ሁለት ትንንሽ ሳህኖች መካከል አልገባም። እግሩን አንሥቶ እንደገና መሰካት ያቃናዋል። ዳሩ 6 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው፣ ለሁለት በታጠፈ ጥብጣብ ይቀመቀማል። ዙሪያው 720 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ማዕዘኑና መቀጣጠያው ሲታሰብ 7.5 ሜትር ግድ ይላል።

ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው የስፌት መኪናውን ይዞ አይሄድም፤ ከካሬ ይልቅ ባለ ስድስት ጎን ብጣሽ በእጅ የሚሰፋበት ሥራ ግን ለአውቶቡስ የተፈጠረ ነው። ከደብተር ሽፋን ጎኑ 3 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባለ ስድስት ጎን ይቆረጣል፣ ጨርቁ በዙሪያው 1 ሳንቲ ሜትር ተርፎ ወረቀቱ ላይ ይታጠፍና ይወሰወሳል፣ ጠርዝ ለጠርዝ ይዘመዘማል። ሰባቱ አንዲት አበባ ናቸው። ወረቀቱ የሚወጣው ዙሪያው ሁሉ ከተሰፋ ወዲያ ነው፤ አስቀድሞ ከወጣ ጠርዙ ይላላል። መርፌ፣ ክርና ትንሽ መቀስ አንድ የሳሙና መያዣ ይበቃቸዋል። የጊቤ ሸለቆ ቁልቁለት ሲጀምር ግን ሥራው ይታጠፍ። ሙቀቱ እጅ ያልባል፣ መንገዱም ይጠማዘዛል፤ መስኮቱም በዚያ ሰዓት ለዝንጀሮ መመልከቻ ይሻላል። መርፌ ደግሞ ጨርቁ ላይ ተሰክቶ አይደር። በጅማ እርጥበት ቶሎ ይዝጋል፣ የዝገቱም ነጥብ በቀላሉ አይለቅም።

ስለ እርጥበት ካነሣን፣ ብዙ ሰው ለብል ብሎ ሣጥኑ ውስጥ ናፍታሊን ይጨምራል። የልብስ ብል የሚበላው ሱፍን ነው፤ የጥጥ ሥራ ጠላቱ ሻጋታ ነው። ላዩ የደረቀ መስሎ ውስጡ ጋቢው እርጥብ ሆኖ ከታጠፈ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል። ስለዚህ ትልቁ እጥበት ለበጋ ይቆይ፤ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። ልብሱ ሁለት ቀን እየተገለበጠ ጥላ ላይ ይሰጣ፣ ሲቀመጥም ፌስታል ውስጥ ሳይሆን በአቡጀዲ ተጠቅልሎ።

የት እንደሚሰጣም ጉዳይ ነው። ዋንዛ ሥር አይሆንም፤ ፍሬው ሲበስል የሚያጣብቅ ሙጫ አለው፣ እሱን ሊበሉ የሚመጡ ወፎችም ከላይ ሆነው የራሳቸውን ቀለም ይጨምራሉ። ጦጣ ከአጥር ወዲህ ካለች ገመዱን የሚጠብቅ ሰው አይታጣ። ጉሬዛው እንኳ ጣጣ የለውም፤ ጥቁርና ነጭ ካባውን ለብሶ ከዛፉ ጫፍ ላይ ሆኖ ያያል።

የተቆረጠ ክር ግን ለወፍ ጎጆ ይሆናል ብሎ ግቢ ውስጥ መበተን ደግ ሥራ አይደለም። ሣርና የሙዝ ቅጠል እየሰነጠቀች ጎጆዋን የምትሸምነው ቢጫ ወፍ ክሩንም ታነሣለች፤ ሣር ይበጠሳል፣ ፖሊስተር ክር ግን አይበጠስም፤ የጫጩቷ እግር ላይ ተጠምጥሞ ከጎጆዋ ጋር አስሮ ያስቀራታል። ጭልፊትም ለጎጆዋ ጨርቅ ትለቅማለች። ከመኪናው ጎን አንድ የድልህ ጣሳ ይቀመጥ። የተጠራቀመው ክርና ከካሬ ያነሰው ብጣሽ ለመርፌ መሰኪያ፣ ሲበዛም ለትራስ ሙሌት ይሆናል።

አንድ ልመና አለን። ደብዳቤው ረዝሞ ቢያሳጥሩት አንከፋም፣ ቁጥሮቹን ግን አይንኩብን። 11.5 ወደ 11 ከተጠጋጋ ልብሱ በቁመት 10፣ በጎን 8 ሳንቲ ሜትር ያጥራል፤ የተኛውም ሰው እግሩ ውጭ ያድራል።

ከአክብሮት ጋር፣
ብጣሽ የሚሰፉ አንባቢዎቻችሁ
ጅማ፣ ሂርማታ