በድንጋዩ አትፍረዱ፤ ስለ ቻርጀር ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ጎንደር፣ ፒያሳ
ታኅሣሥ

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንዴት ከረማችሁ? ይህን ደብዳቤ ያስጻፈን አንድ ዲያቆን ነው። ባለፈው ሳምንት አራት የሚሞሉ የባትሪ ድንጋዮች በፌስታል ቋጥሮ መጣና ባንኮኒያችን ላይ ዘረገፋቸው። «ከገዛኋቸው ስድስት ወር አልሞላም። ስብከት መሀል ላይ ማይክራፎኑን ድርግም ያደርጉብኛል» አለን። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለን ነበር።

ለካናቸው። ሁለቱ ደህና ናቸው። ሁለቱ ግን መያዝ ከሚገባቸው ግማሹን እንኳ አይዙም። «እስቲ ቻርጀሩን አምጣው» አልነው። በማግስቱ ይዞት መጣ። እሱንም የሸጥንለት እኛው ነን። አፈርን።

ቻርጀሩ ጥንድ ጥንድ አድርጎ የሚሞላ ዓይነት ነበር። መለየቱ ቀላል ነው፤ አንድ ድንጋይ ብቻ ብትከቱበት መብራቱ አይበራም፣ ሁለት ይፈልጋል። ሁለቱን እንደ ጥማድ በሬ አንድ ላይ ነው የሚነዳቸው። አንዱ ትንሽ ቀርቶት፣ ሌላው ባዶውን ሆኖ ቢገቡ አይለያቸውም። ቀድሞ የሞላው እየጋለ ይቀጥላል፤ ባዶ የነበረው ሳይጠግብ ይወጣል። ከዚያ ሁለቱ አብረው ማይክራፎን ውስጥ ይገባሉ። ያልጠገበው ቶሎ ያልቃል፤ ጓደኛው ደግሞ ባለቀው ላይ ኤሌክትሪኩን በግድ እየገፋ ያሳልፍበታል። እንዲህ ጥቂት ወር ከሄደ የተጎዳው ድንጋይ አይድንም። እኛ ጋ «የማይረባ ድንጋይ ሸጣችሁልን» ተብሎ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ይህ ነው።

ሌላው ችግር መብራት ነው። ርካሾቹ ቻርጀሮች ድንጋዩ መሙላቱን አያውቁም፤ ሰዓት ብቻ ነው የሚቆጥሩት። ስምንት ሰዓት ተብሎ የተሠራ ቻርጀር ስድስት ሰዓት ሠርቶ መብራት ጠፋ እንበል። መብራቱ ሲመለስ ቆጠራውን ከዜሮ ይጀምራል፤ ሊሞላ የደረሰው ድንጋይ ላይ ሌላ ስምንት ሰዓት ይጭንበታል። በአንድ ሌሊት ሁለቴ ሦስቴ ከጠፋማ አስቡት። መብራት የማይጠፋበት አገር ይህ ቻርጀር ምንም ላይሆን ይችላል። ለእኛ ከተማ ግን አይሆንም። ስለዚህ መሸጡን ትተናል፤ መደርደሪያ ላይ የቀሩትንም አንስተናል።

ታዲያ ምን እንግዛ? እያንዳንዱን ድንጋይ ለብቻው የሚከታተለውን ግዙ። ለአራት ድንጋይ አራት መብራት ወይም ትንሽ ስክሪን ይኖረዋል። መሙላቱን የሚያውቀው በቮልቴጅ ነው። የሚሞላ ድንጋይ ሲሞላ ቮልቴጁ ይወጣ ይወጣና ጫፍ ደርሶ ጥቂት ሺኛ ቮልት ያህል ዝቅ ይላል። ጥሩ ቻርጀር ያቺን ዝቅታ አይቶ ያቆማል። መብራት ጠፍቶ ቢመጣም እንደገና ይለካል፤ ከሞላ ቶሎ ይተወዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናርም። «ቀስ ብሎ የሚሞላ ሁልጊዜ ለድንጋይ ጥሩ ነው» ይባላል። እኛም እንል ነበር። እንዲህ ዓይነቱ ቻርጀር ግን በጣም ቀስ ብሎ ከሞላ ያቺ ዝቅታ ትደበዝዝና ያልፋታል። የመሙያው ጉልበት በሚሊአምፒር ቻርጀሩ ላይ ይጻፋል፤ ለደብል ኤ (ወፈር ላለው፣ AA ለሚለው) ከ500 እስከ 1000 ሚሊአምፒር፣ ለትሪፕል ኤ (ለቀጭኑ፣ AAA ለሚለው) ከ300 እስከ 500 መሀል ያለው ይስማማል። ከዚያ በላይ የሚያጣድፈው ያግለዋል። መጨረሻ ላይ ለብ ማለቱ የጤና ነው። በእጅ መያዝ እስኪያቅት ከጋለ ግን ንቀሉት።

አሮጌውን ርካሽ ቻርጀር መጠቀም ግድ ከሆነባችሁ ሒሳቡ ይህ ነው፦ ድንጋዩ ላይ የተጻፈውን የአቅም ቁጥር (mAh የሚለውን) ቻርጀሩ ላይ በተጻፈው ሚሊአምፒር አካፍሉ፣ ከዚያ በ1.4 አባዙ። ባለ 2000 ድንጋይ በ200 ሲሞላ 14 ሰዓት ይፈልጋል። ትርፉ በሙቀት መልክ የሚባክነው ነው። መብራት ከጠፋ ያለፈውን ሰዓት ወረቀት ላይ ጻፉት። አድካሚ ነው፤ እናውቃለን።

ከአሜሪካ ዘመድ ያመጣላችሁን ቻርጀር ሶኬት ላይ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ችግር የለም። 110 ወይም 120 ብቻ ካለ የእኛ 220 ያቃጥለዋል። አንድ ደንበኛችን ያወቁት የቃጠሎው ሽታ ሲመጣ ነበር።

በዩኤስቢ የሚሠሩት ደግሞ ጥሩ ናቸው። በስልክ ቻርጀር፣ በፓወር ባንክ፣ በትንሽ ሶላርም ይሠራሉ። ስሜን ተራሮች የምትወጡ አስጎብኚዎች እነዚህን ውሰዱ። እዚያ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳልና ድንጋዩን ከውጭ እንዳመጣችሁት ወዲያው አትሙሉት፤ ብብታችሁ ውስጥም ይሁን ብርድ ልብስ ስር መጀመሪያ ይሙቅ።

አሁን የምንፈራውን እንናገር። ሊቲየም ድንጋይና ተራው የሚሞላ ድንጋይ አንድ ቻርጀር ላይ አይገቡም፤ ቻርጀሩ ሁለቱንም እሞላለሁ ብሎ በግልጽ ካልተጻፈበት በስተቀር። ተራው፣ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ የሚባለው፣ 1.2 ቮልት ነው። ሊቲየሙ 3.7 ነው፤ ሲሞላ 4.2 ይደርሳል። ችግሩ፣ ልክ ደብል ኤ የሚያህል ሊቲየም ድንጋይ መኖሩ ነው። በዓይን አይለዩም። ስለዚህ ጽሑፉን አንብቡ። ሊቲየም ያለቦታው ሲሞላ እሳት ያነሳል። የማይሞላውን ተራ አልካላይን ድንጋይም አትሞክሩት፤ ያፈሳል፣ ሊፈነዳም ይችላል።

ለእጅ ባትሪ የምትገዙት ወፍራሙ ሊቲየም ላይ 9900 የሚል ካያችሁ ሳቁበትና እለፉ። 18 ሚሊ ሜትር ወፍሮ 65 ሚሊ ሜትር የረዘመው ድንጋይ እውነተኛው አቅሙ ብዙውን ጊዜ ከ3500 አካባቢ አያልፍም። እኛም ገበያ ሄደን አንድ ጊዜ ተሸውደናል።

ፎቶ አንሺዎች፣ ጥምቀት ደረሰ። ጥር 10 ከተራ ነው፤ ከዚያ ፋሲለደስ መዋኛው ዘንድ ማደር፣ ጠዋት ውሃው ሲረጭ ማንሳት። ፍላሻችሁ አራት ድንጋይ ይበላል። ተሞልተው ቢቀመጡ ቶሎ የማይራቆቱትን ግዙ። ሳንዮ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2005 ኤነሉፕ የተባለውን ድንጋይ ካወጣ ወዲህ የዚህ ዓይነቱ ድንጋይ በብዙ ስም ይሸጣል። የድሮዎቹ ሞልታችሁ ብታስቀምጧቸው በጥቂት ወር ውስጥ በራሳቸው ይራቆቱ ነበር። 2500 ከሚለው ተራ ድንጋይ 2000 የሚለው ይህኛው ይሻላችኋል። አራቱን በቁጥር ምልክት አድርጉባቸው፤ አብረው ይግቡ፣ አብረው ይሞሉ። አዲስና አሮጌ አትቀላቅሉ።

ለግድግዳ ሰዓት የሚሞላ ድንጋይ አንሸጥላችሁም፤ አያዋጣችሁም። የደም ግፊት መለኪያ ውስጥ ከገባ ደግሞ ማሽኑ 1.5 ቮልት ስለሚጠብቅ አንዳንዴ ቶሎ «አለቀ» ይላል። እናቶች ይህን አይታችሁ አትደንግጡ፤ ድንጋዩ ሞልቶም ሊሆን ይችላል።

የዲያቆኑ ነገር እንዲህ አለቀ። ቻርጀሩን በተሻለው ቀየርንለት፤ የዋጋውን ልዩነት አልተቀበልነውም። ከታመሙት ሁለት ድንጋዮች አንዱ ሦስት ጊዜ ተሞልቶ ተራግፎ አገገመ። ሁለተኛውን ቻርጀሩ ጭራሽ አልቀበልም አለ። እንዲህ ሲሆን አሮጌው ርካሽ ቻርጀር ይጠቅማል፦ ለጥቂት ደቂቃ እዚያ ላይ ቀስቅሶ ወደ ጥሩው ማዛወር ነው። ይህ ለኒኬሉ ብቻ ነው፤ ሊቲየም ላይ እንዳትሞክሩት! ሞከርነው፣ አልተነሣም፤ በራችን አጠገብ ካስቀመጥነው የሞቱ ድንጋዮች ሣጥን ገባ። የእናንተንም አምጡልን፤ ምድጃ ውስጥ አትጣሏቸው።

ቻርጀራችሁን የተጠራጠራችሁ ከድንጋዮቹ ጋር ይዛችሁ ኑ። መለካቱ በነጻ ነው፤ ግን ውሎ ያድራል። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ወረፋው አይቻልም። ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ከሰዓት ብትመጡ ሻይም አለ።

ከአክብሮት ጋር፣
የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቃችሁ