እትዬ፣ ኔትወርኩ ደህና ነበር

እትዬዋ እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ? የጋሼ ጉልበት እንዴት ሆነለት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ ብርዱም ትንሽ ለቀቅ አድርጎናል።

ባለፈው ስትደውዪ "ቤተክርስቲያን ግን ትሄዳለህ ወይ?" ስትዪኝ ሃሎ ሃሎ አይሰማም ብዬ ዘጋሁብሽ አይደል? ኔትወርኩ ደህና ነበር እትዬ። ጥርት አድርጌ ነበር የምሰማሽ። የምመልስልሽ ስለጠፋኝ ነው የዘጋሁት፣ ከዛን ቀን ጀምሮ ደግሞ ሲከነክነኝ ነው የከረመው። በስልክ አንቺ ድምፅሽ ሲሰበር እኔ መናገር አልችልም፣ ስለዚህ ልጽፍልሽ ወሰንኩ። ረጅም ነው፣ ልጆቹ ሲተኙ አንብቢው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ብዙም አልሄድም። የማታ ሺፍት ነው የምሰራው፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገብቼ ጠዋት 1 ሰዓት እወጣለሁ፣ እሁድ ሰው ሲያስቀድስ እኔ እንቅልፍ ላይ ነኝ። ግን ይሄ ሰበብ ነው፣ ሰበብ መሆኑን አንቺም ታውቂዋለሽ። ዋናው ነገር መጸለይ አቅቶኝ ነበር። አባታችን ሆይ ብዬ እጀምርና ገና ግማሹ ላይ ሳልደርስ ሃሳቤ የሆነ በሽተኛ ክፍል ውስጥ ገብቶ ይቀራል፣ የመድሃኒት ሰዓት፣ የቤት ኪራይ፣ የወረቀት ጉዳይ። እንደገና እጀምራለሁ፣ እንደገና ይጠፋብኛል። ወደ ሁለት አመት እንደዛ ሆኜ ቆየሁ። አልካድኩም እትዬ፣ እንደዛ እንዳታስቢ። ዝም ብዬ ነበር፣ እሱም ዝም ያለኝ ይመስለኝ ነበር።

አብራኝ የምትሰራ አንድ ትልቅ ሴትዮ አለች፣ ቤቷ በኔ በኩል ስለሆነ ጠዋት ጠዋት በመኪናዋ ታደርሰኛለች። አታወራም፣ እኔም አላወራም፣ ሌሊቱን ሙሉ ሰው ስናነሳ ስናስተኛ አድረን ምን ወሬ አለ። መኪናዋ አሮጌ ነች፣ ሲዲ ማጫወቻ ያላት። ታህሳስ ላይ አንድ ቀን በረዶው መንገዱን ሞልቶት መኪና ሁሉ በእግር ፍጥነት ሲሄድ አንድ ሲዲ ከተተች። መጀመሪያ የክር ድምፅ ብቻ ነው የተሰማኝ፣ ትንንሽ ጠብታ የመሰለ፣ ክራር ነው እንዴ ብዬ ቀና አልኩ። ቀጥሎ አንድ ወንድ መዝፈን ጀመረ። መዝፈን ልበለው እንጂ እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ ህፃን አጠገቡ ተኝቶ እንዳይነቃበት የሚጠነቀቅ ሰው አይነት ድምፅ ነው። ሰዎች ከኋላ ቀስ እያሉ እየተቀበሉት መጡ። ቤቴ በር ላይ ደርሰን መኪናዋን አቆመች፣ እኔ ግን አልወረድኩም። እሷም ውረድ አላለችኝም። ሦስት ዘፈን እዛው ቁጭ ብለን ሰማን።

ዘፋኙ ሱፍያን ስቲቨንስ ይባላል። ስሙን ስትሰሚ ሙስሊም ይመስልሻል፣ ግን ክርስቲያን ነው፣ ዲትሮይት ነው የተወለደው፣ በ1975። ሲወለድ ወላጆቹ የተለያየ እምነት ሰዎችን የሚያሰባስብ ሱቡድ የሚባል መንፈሳዊ ማህበር ውስጥ ነበሩ፣ ስሙም ከዛ የመጣ ነው። አልበሙ "ሰባት ስዋኖች" ይባላል፣ ስዋን ማለት አንገቱ ረጅም ነጭ የውሃ ወፍ ነው። በ2004 የወጣ ነው፣ እነሱ አቆጣጠር ነው የምልሽ፣ 12 ዘፈን አለው። ፕሮዲውስ ያደረገው ዳንኤል ስሚዝ የሚባል ከወንድም እህቶቹ ጋር ባንድ መስርቶ ይዘፍን የነበረ ሰው ነው፣ እዚህም ላይ ከኋላ ከሚያጅቡት ውስጥ የሱ ቤተሰቦች አሉበት። ለዛ ነው መሰለኝ ስቱዲዮ ሳይሆን የሰው ሳሎን ውስጥ የገባሽ የሚመስልሽ።

ክራር የመሰለኝ ነገር ደግሞ ባንጆ ነው። ፈልጌ አነበብኩ፣ ባንጆ የነጮች መሳሪያ ይመስለኝ ነበር፣ ለካ በባርነት ከአፍሪካ የተወሰዱ ሰዎች በቅል ላይ ቆዳ ወጥረው ይሰሩት ከነበረው ነው የመጣው። ቆዳ የተወጠረበት ላይ ክር ሲመታ የሚሰጠው ድምፅ ጆሮዬ የሚያውቀው ነገር ነዋ። ያን ቀን ቀና ያልኩት በከንቱ አልነበረም።

ይሄን ስታነቢ "ጊታር ይዞ ስለ ጌታ የሚዘፍን፣ ጴንጤ ሆንክ እንዴ?" እንደምትዪ አውቃለሁ። አልሆንኩም እትዬ። መዝሙርም አይደለም ደግሞ፣ እሱን ላስረዳሽ እፈልጋለሁ ምክንያቱም እኔን የያዘኝ እዚህ ጋ ነው። መዝሙር ሲዘመር ሰው አለ፣ ጉባኤ አለ፣ ተነሱ አጨብጭቡ አለ። ይሄ ሰውዬ ግን ማንንም አይሰብክም፣ እመኑ አይልም፣ አንቺ መኖርሽንም የሚያውቅ አይመስልም። በሩን ዘግቶ ሲያወራ አንቺ ኮሪደር ላይ ቆመሽ የሰማሽው ነው የሚመስለው። የሚመስለው ነገር ካስፈለገ በገና ነው የሚቀርበው፣ በገና ደርዳሪው አይኑን ጨፍኖ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያንጎራጉር ለኛ እንዳልሆነ እናውቅ የለ? አስሩን ክር እየነካ ከራሱና ከፈጣሪው ጋር ነው። አንቺ በጾም ሬዲዮ ከፍተሽ ስትሰሚ እኔ ትንሽ ሆኜ እንቅልፌን ያመጣብኛል እል ነበር። አሁን ገባኝ፣ እንቅልፍ አልነበረም፣ ደህና ቦታ ያለሁ መስሎኝ ስለነበር ነው።

የመጀመሪያው ዘፈን ርዕሱ ከኢሳይያስ 55 ነው የተወሰደው፣ "የሜዳም ዛፎች ሁሉ ያጨበጭባሉ" የሚለው። ቤት ገብቼ መጽሐፍ ቅዱሱን ገለጥኩት፣ አንቺ ስትሸኚኝ ቦርሳዬ ውስጥ የከተትሽልኝን፣ አቧራውን ጠርጌ። ከዛ ቁጥሩን ከመጀመሪያው ሳነበው ምን ይላል መሰለሽ፣ "በደስታ ትወጣላችሁና፥ በሰላምም ትሸኛላችሁ"። ኤርፖርት ላይ ስትሸኚኝ ትዝ አልሽኝ። እዛው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ከመጣሁ ጀምሮ እንደዛ አልቅሼ አላውቅም።

አራተኛው ላይ ስትደርሺ የፍቅር ዘፈን ይመስልሻል። ካንተ ጋር ብቻዬን ለመሆን ይላል፣ ጊታር ብቻ ነው ማለት ይቻላል። እኔም አንዲት ልጅ ነች ብዬ ስሰማ ስሰማ መሃል ላይ ሰውነቱን ስለሰጠ፣ ዛፍ ላይ ስለወጣ ሲል ደነገጥኩ። ዛፉ መስቀሉ ነው ብዬ ነው የሰማሁት። የትኛው እንደሆነ ግን ቁርጡን አይነግርሽም፣ ስለ ሰው ይሁን ስለ ክርስቶስ አንቺው ትቀመጫለሽ ከሱ ጋር። አንዳንዱ ይሄን ድፍረት ይለዋል፣ እኔ አይመስለኝም። መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞንም እኮ እንደዛው ነው፣ ቤተክርስቲያን ስለ ክርስቶስና ስለ ምእመናን ነው ብላ የምታነበው።

ቀጥሎ "አብርሃም" ይመጣል። አጭር ነች፣ ሦስት ደቂቃም አትሞላም። እንጨቱ፣ ልጁ፣ መልአኩ፣ በጉ፣ አለቀ። ምንም ማብራሪያ የለም። ስለ አብርሃም እምነት ስብከት ስንቴ ሰምቻለሁ እትዬ፣ ሁሌ አብርሃም ጎበዝ ነበር ተብሎ ነው የሚያልቀው፣ እዚህ ግን አብርሃም እጁ ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። ይሄን ሁሉ የሚያደርገው ዝም በማለት ነው፣ በጣም ትንሽ ቃል በመጠቀም። አንዱን ጠዋት አምስት ስድስት ጊዜ ደጋግሜ ሰማኋት።

የማትወጂው ዘፈን ይኖራል። ዘጠነኛው ፍላነሪ ኦኮነር የምትባል አሜሪካዊ ደራሲ ከጻፈችው አጭር ልቦለድ የመጣ ነው፣ ነፍሰ ገዳዩ ሆኖ ነው የሚዘፍነው። እኔም መጀመሪያ እዘለው ነበር። አሁን አልዘለውም። ሌሊት ሌሊት ሊሞቱ የተቃረቡ ሰዎች አጠገብ እቀመጣለሁ፣ አንዳንዱ ያደረገውን ክፉ ነገር ሁሉ ለኔ ለማያውቀው ሰው ይነግረኛል፣ ይቅር በለኝ የሚል እንኳን አለ። ስለዚህ ኃጢአተኛውን ከውጪ ቆሞ የማይፈርድበት ዘፈን አስፈላጊ መሆኑ ገባኝ።

አስረኛው ደግሞ ያንቺ ነው ብዬ ነው የማስበው። እንቅልፍ ላይ እያለ ተቀስቅሶ ለምስጋና ስለሚነሳ ሰው ነው፣ ሃሌ ሉያ ይላል። አንቺ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ብርድ ልብሴን ገፈሽ "ተነስ፣ ኪዳን ሊደርስ ነው" ስትዪኝ ስንቴ ተቆጥቼሻለሁ። አሁን በዛ ሰዓት ማንም ሳይቀሰቅሰኝ ነቅቼ ነው የማድረው፣ የሚቀሰቅሰኝ ሰው ነው የናፈቀኝ።

አስራ አንደኛውን ግን መኪና ውስጥ ሳይሆን ብቻዬን ሄድፎን አድርጌ ነው የሰማሁት፣ የአልበሙ ስም የወጣበትን። ባንጆው ብቻውን ይጀምራል፣ ሰማይ ላይ ምልክት አየሁ ይላል፣ ራእየ ዮሐንስን የሚያስታውስ ነገር ነው፣ ከዛ ድምፁ እያደገ እያደገ መጥቶ መጨረሻ ላይ ፒያኖውም ከበሮውም ይወርድብሻል። ብትሸሽ ያሳድድሃል፣ እሱ ጌታ ነውና የሚል ነገር ነው የሚለው። ፈራሁ እትዬ። ግን ፍርሃቱ መጥፎ አልነበረም። አንቺ ዳዊት ስትደግሚ እሰማው የነበረው መጣብኝ፣ "ከመንፈስህ ወዴት እሄዳለሁ? ከፊትህስ ወዴት እሸሻለሁ?" ያኔ ቃል ብቻ ነበር። አሁን ይሄን ያህል ባህር ተሻግሬ መጥቼ፣ ዝም ብሎኛል ያልኩት አምላክ በአንድ አሮጌ መኪና ሲዲ ውስጥ ጠብቆኝ ተገኘ። ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም።

መጨረሻው ደብረ ታቦር ነው። በቃ ወንጌሉን በቅደም ተከተል ነው የሚዘፍነው፣ ሦስቱን ይዞ ወደ ተራራው ወጣ፣ ሙሴና ኤልያስ መጡ፣ ጴጥሮስ ዳስ እንስራ አለ፣ ደመናው ጋረዳቸው። በእንግሊዝኛ ከሰማሁት ዘፈን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ቃል ሳላጣ የተከተልኩት ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁ፣ አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ። አምስት አመት ሙሉ በዚህ ቋንቋ ሁሌ አንድ እርምጃ ወደኋላ ቀርቼ ነው የኖርኩት፣ ሰው ተናግሮ ሲጨርስ ነው የሚገባኝ። እዚህ ዘፈን ላይ ቀድሜ ደረስኩ።

አሁን እንዴት እንደምጸልይ ልንገርሽ። ከሥራ ስመለስ ልብሴን ሳልቀይር አልጋው ጠርዝ ላይ እቀመጣለሁ፣ አንድ ዘፈን እሰማለሁ፣ ከዛ አጠፋዋለሁ። ከዛ በኋላ ያለው ዝምታ ውስጥ አባታችን ሆይ እላለሁ፣ በሱ አይነት ድምፅ፣ ቀስ ብዬ፣ ጎረቤት የተኛ ያህል። ሃሳቤ ቢሄድም ሄዶ ይመለሳል። እስከ አሜን ደርሻለሁ እትዬ፣ ብዙ ጊዜ ደርሻለሁ። ቅዳሴን ይተካል አልልሽም፣ አይተካም፣ ለፋሲካ ሺፍት እንዲቀይሩኝ ጠይቄያለሁ፣ ከአሁኑ። ግን ለጥያቄሽ ያለኝ መልስ ይሄ ነው፣ እንዲህ አጭር ስላልሆነ ነው ስልኩን የዘጋሁት።

ዘፈኖቹን በቴሌግራም ልኬልሻለሁ። ቃሉ ባይገባሽም ግድ የለም፣ ትንሿ ልጅሽ ታስረዳሻለች። ሁሉንም መስማት ካልቻልሽ ስድስተኛውን ብቻ ስሚልኝ። ርዕሱ "እህት" ነው። 6 ደቂቃ ነው፣ አብዛኛው ቃል የለውም፣ ጊታርና ያለ ቃል የሚያዜሙ ድምፆች ናቸው፣ አለቀ ብለሽ እንዳትዘጊው። ጠብቂ። ሁሉም ነገር ዝም ካለ በኋላ ብቻውን ይመጣና ዲትሮይት የሆነ ቦታ እህት አለችኝ ይላል፣ ፀጉሯ ጥቁር እጆቿ ትንንሽ የሆኑ። የሆነ ቦታ ነው የሚለው፣ የት እንደሆነች እንኳን ቁርጡን የሚያውቅ አይመስልም። እኔ ያንቺን አውቃለሁ፣ በየትኛው መስኮት በኩል እንደምትቀመጪም አውቃለሁ።

እሁድ ማታ በናንተ ሰዓት ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ እደውላለሁ፣ ያን ቀን እረፍት ነኝ። ያንኑ ጥያቄ መልሰሽ ጠይቂኝ።

ጋሼን ጉልበቱን ሳሚልኝ፣ ልጆቹንም።

ታናሽ ወንድምሽ