በአንጎል ዕጢ ለተጠረጠሩ ሕፃናት ምርመራ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የጅማ ከተማና የአካባቢዋ ነዋሪዎች፣ በልዩ ልዩ ስፍራ የምትገኙም የአገር ልጆች፤

የታማሚ ሕፃናት ወላጆች የሚያርፉበት ቤት ጣሪያ በክረምቱ ዝናብ መደርመሱን ሰምታችኋል። በሰው ላይ ጉዳት ባለመድረሱ ፈጣሪን እናመሰግናለን። ሆኖም በጠቅላላ ጉባኤው ውሳኔ ለምርመራ የተቀመጠው ገንዘብ ለጣሪያው ሥራ ስለዋለ፣ የኤምአርአይ (በመግነጢስ ኃይል የሰውነትን ውስጥ አጥርቶ የሚያነሣ መሣሪያ) ምርመራ ትእዛዝ ይዘው ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ የሚጠባበቁትን ሕፃናት የምንልክበት የለንም።

ከዴዶ፣ ከሰቃ ጨቆርሳና ከጎማ የሚመጡ እናቶች ሕፃን ታቅፈው በረንዳ ላይ ማደራቸው የቀረው ከየዕድሩ፣ ከመስጊድና ከቤተ ክርስቲያን ደጅ በሰበሰባችሁት ገንዘብ ይህ ማረፊያ ቤት ስለተዘጋጀ ነው።

«ለአንድ ልጅ ምርመራ ስለምን ሁለት ሦስት ጊዜ ይከፈላል? ብክነት አይደለምን?» የሚል ጥያቄ በየስብሰባው ይነሣልና መልሱን በጽሑፍ ማስቀመጥ ይገባናል። የሕፃናት የአንጎል ዕጢ ብዙ ጊዜ የሚበቅለው በራስ ቅል የኋላ ታችኛው ክፍል፣ የሰውነትን ሚዛን በሚጠብቀው ትንሹ አንጎል አካባቢ ነው። ጠዋት ጠዋት ራሱን እያመመው የሚያስመልሰውና ሲራመድ የሚንገዳገድ ልጅ ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ ሲቲ ስካን (በራጅ ጨረር የሚወሰድ የራስ ምስል) ይነሣል፤ ይህም ደም መፍሰስንና የውኃ መጠራቀምን በደቂቃዎች ውስጥ ያሳያል፤ ነገር ግን በዚያ ስፍራ ያለው ወፍራም አጥንት ምስሉን ስለሚያውከው፣ የዕጢውን ወሰን ለቀዶ ሐኪሙ አጥርቶ የሚያሳየው ኤምአርአይ ነው። ሜዱሎብላስቶማ የተባለው አደገኛ ዕጢ አንጎልንና ኅብለ ሰረሰርን በሚከበው ፈሳሽ ስለሚሠራጭ የጀርባውም ምስል መነሣት አለበት። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ደግሞ የተረፈ ዕጢ መኖር አለመኖሩ በ72 ሰዓት ውስጥ በኤምአርአይ እንዲታይ ይመከራል። ትንሽ ልጅ ለግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳይነቃነቅ መተኛት ስለማይችል የማደንዘዣው ወጪም አለ። እንግዲህ ብክነት የተባለው ክፍያ የሕክምናው አካል ነው፤ ወደፊትም እንከፍለዋለን።

ይህን ጥሪ የምናቀርበው የኮሚቴው አባላት ደጅ በመጥናት ደክመናል፤ የሕፃናቱ ሕመም ግን ቀጠሮ አይሰጥም። ዘካ የምታወጡ፣ አሥራት የምትከፍሉ፣ የቡናችሁን ሽያጭ የምትጠባበቁ ሁሉ እነዚህን ሕፃናት አስቡ።

ድጋፋችሁን በኮሚቴው ስም በተከፈተውና በሦስት ፈራሚዎች በሚንቀሳቀሰው የባንክ ሒሳብ ብቻ አስገቡ፤ ቁጥሩ በየዕድሩ ሰሌዳና በማረፊያ ቤቱ በር ላይ ተለጥፏል። ደግመን እናሳስባለን፤ በግለሰብ ስም ለተከፈተ ሒሳብ አትላኩ፣ በእጅ የምትሰጡም ማኅተም ያረፈበት ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ። ስታስገቡ «ለምርመራ» ብላችሁ አስጽፉ፤ እንዲህ የተጻፈበት ገንዘብ ለጣሪያው አይውልም።