የቧንቧው ልክ በሚሊሜትር ይጻፍልን

ውድ አዘጋጅ፣

ድሬዳዋ ከሜትር ጋር አብራ የተወለደች ከተማ ናት። በ1895 ዓ.ም. እዚህ የደረሰው ባቡር የሐዲዱ ስፋት ልክ 1 ሜትር ነበር። ዛሬም ስኳሩን በኪሎ፣ ዘይቱን በሊትር፣ ጨርቁን በሜትር እንገዛለን። ታዲያ የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ስንገባ ለምን በአብዛኛው ኢንች ይነገረናል?

ጉዳዩ የገንዘብ ጉዳይ ነው። ግማሽ ኢንች በስሌት 12.7 ሚሊሜትር ነው። “ግማሽ” የሚባለው የብረት ቧንቧ ግን ካሊፐር በሚባለው የስፋት መለኪያ ሲለካ የውጭ ስፋቱ ከ21 ሚሊሜትር ያልፋል፤ የውስጡም ቢሆን 12.7 አይደለም። ልኩ መጠሪያ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ከእሱ ጋር የሚገጥመው፣ በሙቀት የሚያያዘው ፕላስቲክ ቧንቧ ደግሞ በውጭ ስፋቱ፣ በሚሊሜትር፣ “20” ይባላል። መጋጠሚያዋን አገላብጣችሁ እዩአት፤ በፕላስቲኩ በኩል 20፣ በጥርሱ፣ ማለትም በሚጠመዘዘው በኩል ግማሽ ተብሎ ተጽፎባታል። ባለሙያው ይህን ያውቃል። ቤቷን በቁጠባ የምታድስ እናት ግን የማይገጥም ዕቃ ይዛ ከሳቢያን ሰፈር መሀል ከተማ ትመላለሳለች፤ አንዴ የተሞከረ ዕቃ መልሶ የሚቀበል ሱቅም እንደልብ አይገኝም።

ኢንች ይጥፋ አልልም፤ የቧንቧ ጥርስ በብዙ አገር አሁንም በእሱ ይጠራል። ነጋዴዎቻችን ግን በመደርደሪያውና በደረሰኙ ላይ የውጭ ስፋቱን በሚሊሜትር ጎን ለጎን ይጻፉልን። የሚመለከተው ቢሮም ይህን ያስገድድ።

አንድ የሳቢያን ነዋሪ፣ ድሬዳዋ