ክሬኑ ቆሞ ነው የሚጠብቀው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ወደብ በተጻፈ ቁጥር አብሮ የሚወጣው ፎቶ የኮንቴይነር ነው። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ሳጥን ተደርድሮ ያምራል፣ አልክድም። ግን ስንዴው፣ ማዳበሪያው፣ ሲሚንቶ የሚሆነው ክሊንከር፣ የብረት ማዕድኑ፣ የድንጋይ ከሰሉ አብዛኛው በሳጥን አይመጣም። እንደ አፈር መርከብ ሆድ ውስጥ ይገለበጣል፣ እንደ አፈር ተዝቆ ይወጣል። ብትን ጭነት የሚባለው ይሄ ነው። እኔ ጭነት ቆጣሪ ሆኜ ብዙ ዓመት የቃምኩት የዚህን አቧራ ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ የወደብ ችግር ሲነሳ "ዘመናዊ ክሬን ይገዛ" ሲል ዝም ማለት ያቅተኛል።

ክሬን ይገዛ፣ አልጠላም። ያየሁትን ግን ልንገራችሁ።

የሠራሁበት አንድ ወደብ፣ ስሙ ይቅር፣ አዲስ ክሬን ገዛ። ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሱ። ግራቡ፣ ጭነቱን የሚዝቀው የክሬኑ መንጋጋ፣ አንዴ አፉን ከፍቶ ሲገጥም ከ10 ቶን በላይ ያፍሳል። የመጀመሪያውን ሳምንት በጉጉት ቆጠርን። ማታ ማታ የምንደምረው ቁጥር ግን የድሮው ነው፣ ፈቀቅ አላለም። አንድ ቀን ከሰዓት ቀና ብዬ ሳይ ግራቡ አፉን እንደገጠመ አየር ላይ ተንጠልጥሏል፣ ሆፐሩ፣ ጭነቱን ከግራቡ ተቀብሎ መኪና ላይ የሚያፈሰው ቋት፣ እስከ አፉ ሞልቷል፣ ከሥሩ መኪና የለም። ኦፕሬተሩ እግሩን ሰቅሎ ስልኩን ይነካካል። ምን ያድርግ? መኪኖቹ ያሉት በሩ ጋ ነው። ወደቡ ያለው አንድ የመኪና ሚዛን ብቻ ነበር፣ ባዶ የሚገባውም ሞልቶ የሚወጣውም በእሱው ላይ ይመዘናል። አንዱ ሾፌር ወረቀት ከጎደለው ደግሞ ከኋላው ያለው ሁሉ አብሮት ይቆማል። ኦፕሬተሩ ከላይ ሆኖ ሰልፉን ያየዋል፣ እኛም እናየዋለን፣ ሾፌሮቹማ ውስጡ ናቸው። ያላየው ክሬኑን የገዛው ቢሮ ነው።

ሂሳቡ ደግሞ ከባድ አይደለም። መርከቧ 50,000 ቶን ይዛለች እንበል። አንድ መኪና 40 ቶን ቢጭን 1,250 ምልልስ ነው። በቀን 10,000 ቶን ላራግፍ ያለ ወደብ በቀን 250 መኪና ይፈልጋል፣ ሌሊቱም ተቆጥሮ በየ6 ደቂቃው አንድ ማለት ነው። ሚዛኑ ላይ አንድ መኪና 6 ደቂቃ ከቆየ፣ ያውም ሲገባና ሲወጣ ሁለት ጊዜ፣ ነገሩ እዚያው አለቀ። ከዚያ በኋላ ክሬኑ ወርቅ ቢሆን አይረዳም። ሁለተኛ ሚዛን ስንት ያወጣል? ከክሬን ጋር አታወዳድሩት።

ለምን ታዲያ አይታረምም? እኔ የገባኝ እንዲህ ነው። ያዘገየው ሰው አይከፍልም። መርከብ የተከራየ ነጋዴ ውሉ ላይ ለማራገፊያ የተሰጠው ጊዜ አለ። ያ ጊዜ ካለፈ ለመርከቧ ባለቤት በየቀኑ ዲመሬጅ ይከፍላል፣ ገበያው ሲሞቅ በቀን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር። ወደቡ የውሉ አካል አይደለም። ሚዛኑም፣ ጉምሩኩም፣ መኪና አቅራቢውም አይደሉም። ነጋዴው ይከፍልና ስንዴው ዋጋ ላይ ይጨምረዋል፣ መጨረሻ ላይ የሚከፍለው ወደብ አይቶ የማያውቅ ሰው ነው። በዚህ ሥራ ያሉ ሰዎች አንድ አባባል አላቸው፦ አንዴ ዲመሬጅ የገባ ሁሌም ዲመሬጅ ነው። በተለመደው ውል የተሰጠው ጊዜ ሳያልቅ ዝናብና በዓል ከሂሳቡ ይቀነሳል። ካለቀ በኋላ ግን ዝናቡም በዓሉም ይቆጠራል።

ዝናብ ካነሳሁ አይቀር። ስንዴ እየተራገፈ ጠብ ሲል ክዳኑ ይዘጋል፣ ግድ ነው። ዝናቡ ግን 40 ደቂቃ ይዘንብና ሥራው 2 ሰዓት ይቆማል። ሠራተኛው ተበትኗል፣ አለቃው ምሳ ሄዷል፣ ክዳኑን የሚከፍተው መርከበኛ ተኝቷል። ከዚያ መርከቧ ስትጨርስ የሰዓት መዝገቡ ላይ ጭቅጭቅ ይነሳል። የመርከቧ መኮንን 40 ደቂቃ ይላል፣ የወደቡ ሰው 2 ሰዓት ይላል፣ ሁለቱም "በተቃውሞ" ብለው ይፈርማሉ። እኔ ከአንድ የዝናብ ሰዓት በላይ የፈጀ የዝናብ ክርክር አይቻለሁ። ክሬን ይህንን አይፈታም። አንድ የዝናብ መለኪያና ሁለቱም ወገን ያመነው ሰዓት ይፈታዋል።

ትልቁ ወረፋ ደግሞ ውጪ፣ ባሕሩ ላይ ነው። ብዙ ወደብ የሚሠራው "ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይስተናገድ" በሚል ነው። ሲሰሙት ፍትሐዊ ነው። ካፒቴኑ ግን ምን ያደርጋል? ወደቡ መጨናነቁን እያወቀ ነዳጁን አቃጥሎ ይሮጣል፣ ደርሶ መልህቁን ይጥላል፣ "ደርሻለሁ፣ ዝግጁ ነኝ" የሚለውን ማስታወቂያ ይልካል፣ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል፣ ከዚያ ሳምንታት ይቀመጣል። ፍጥነቱን በ10 ከመቶ ቢቀንስ ለዚያው መንገድ የሚፈጀው ነዳጅ በ20 ከመቶ ገደማ ይቀንስ ነበር። ግን ቀስ ካለ ተራው ይሄዳል፣ ውሉም ያለ ምክንያት አትዘግይ ይለዋል።

የዚህን ወረፋ መልክ ዓለም በደንብ ያየው በአውስትራሊያዋ ኒውካስል ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር (ዓመቶቹን ሁሉ በዚያው ነው የምጽፈው) ሰኔ 2007 ላይ ከወደቡ ውጪ ከ50 በላይ መርከቦች የድንጋይ ከሰል ለመጫን መልህቅ ጥለው ይጠብቁ ነበር። ወሩ በገባ በ8ኛው ቀን ማዕበል መጣ። ፓሻ በልከር የምትባለው መርከብ ኖቢስ የተባለው የባሕር ዳርቻ ላይ ወጥታ ተቀመጠች፣ ሰው የሚዋኝበት ቦታ። 22ቱ መርከበኞች በሄሊኮፕተር ተነሡ፣ መርከቧ የተላቀቀችው ከሦስት ሳምንት በላይ ቆይታ ነው። የማዕበሉ ጥፋት የራሱ ሆኖ፣ ያን ሁሉ መርከብ እዚያ የሰበሰበው ግን ወረፋው ነበር።

በኋላ ያደረጉት ነው የሚገርመኝ። በ2009 ማዕድን አውጪዎቹን፣ ባቡሩንና ወደቡን አንድ ላይ የሚያቅድ አስተባባሪ ድርጅት አቋቋሙ። መርከቦቹም ተራቸውን ለማግኘት ሮጠው መድረስ ቀረላቸው፤ ገና መንገድ ላይ ሳሉ ተራ ይያዝላቸዋል፣ መድረሻ ሰዓት ይነገራቸዋል፣ ቀስ ብለው ይመጣሉ። መጫኛውንም አስፋፍተዋል፣ አልደብቅም። ግን ማስፋፊያው ብቻውን ቢሆን ኖሮ ወረፋው አዲሱን መጫኛ ተከትሎ ይመጣ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ውሉም ቢሆን ሊስተካከል ይችላል። ቢምኮ የሚባለው የመርከብ ባለቤቶች ማኅበር በ2021 ካፒቴኑ በተነገረው ሰዓት ቀስ ብሎ ቢደርስ እንዳይቀጣ የሚያደርግ አንቀጽ አውጥቷል። ወረቀቱም ሰበብ መሆኑ እየቀረ ነው። ከጥር 1 ቀን 2024 ጀምሮ በዓለም አቀፉ ስምምነት መሠረት ወደቦች የመርከብ ሰነድ በአንድ የኤሌክትሮኒክ መስኮት የመቀበል ግዴታ አለባቸው። አንድ የሠራተኞች ስም ዝርዝር አምስት ቦታ አምስት ጊዜ በእጅ ሲገለበጥ ለኖርን ሰዎች ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ሲስተም የለም የሚለው መልስ ካልመጣ ማለቴ ነው።

አንድ ነገር ግን በጥድፊያ ስም እንዳይነካ እፈልጋለሁ። እርጥብ ማዕድን ሲጫን ደረቅ ይመስላል፣ ባሕር ላይ ሲናጥ ጭቃ ይሆናል፣ መርከቧን ይገለብጣል። ጥር 2 ቀን 2015 በልክ ጁፒተር የተባለች መርከብ ከማሌዢያ ቦክሳይት ጭና ቬትናም አካባቢ ሰጠመች። ከ19ኙ መርከበኞች የተረፈው አንድ ነው። ከ2011 ጀምሮ አስገዳጅ የሆነው የብትን ጭነት ደንብ ላይ አንድ ካፒቴን ራሱ የሚሠራት ትንሽ ሙከራ አለች። ቆርቆሮ ጣሳ በግማሽ በጭነቱ ይሞላል፣ ከአንድ ስንዝር ከፍታ ጠንካራ ነገር ላይ 25 ጊዜ ይመታል፣ ከዚያ ላዩን ያያል። ውሃ ካቆረ ወይም ከረጠበ ጭነቱ እንደገና ላቦራቶሪ ይመርመር ይላል። ደረቅ ሆኖ መታየቱ ግን ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። አንድ ጊዜ ካፒቴን ጣሳውን ሲመታ አጠገቤ የነበረ የጭነት ወኪል "ይሄ ሰውዬ ቡና ሊያፈላልን ነው?" ብሎ ሲስቅ ሰምቻለሁ። ያኔ አብሬው ስቄያለሁ፣ ዛሬ ያሳፍረኛል። ሚዛን ላይ የሚጠፋው ሰዓት ይቀነስ፣ ጣሳዋ ላይ የሚጠፋው ግን አይነካ።

እንግዲህ ለወደቦች የምለው፦ ክሬን ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ሰው ወረቀትና እስክርቢቶ ይዞ ሆፐሩ ሥር ሦስት ቀን ይቀመጥ። ግራቡ በቆመ ቁጥር ለምን እንደቆመ ይጻፍ። መኪና አልመጣም፣ ዝናብ፣ ክዳን፣ ወረቀት፣ ብልሽት። ከዚያ የትኛው እንደሚበዛ ታዩታላችሁ። ማራገፊያው በቀን ይህን ያህል ቶን አወጣለሁ ብሎ ይፈርም፣ ካላወጣም ከራሱ ኪስ ይክፈል። ከቃሉ በላይ ካወጣ ይሸለም። መርከብ ቀድሞ ሲያልቅለት ባለቤቱ ለተከራዩ የሚመልስለት ገንዘብ እንዳለ ሁሉ፣ ብዙ ጊዜ የዲመሬጁን ግማሽ፣ ለወደቡም ቢኖረው ክፋት የለውም።

ለእናንተ ለጋዜጠኞቹ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። የወደብ ኃላፊ "ክሬናችን በሰዓት ይህን ያህል ቶን ያነሳል" ሲላችሁ እሱን ብቻ ጽፋችሁ አትመለሱ። መርከቧ መልህቅ ከጣለችበት ሰዓት ጀምሮ ለቃ እስክትወጣ ስንት ቀን እንደፈጀ ጠይቁት። ስትወጡም በሩ ጋ ቆም ብላችሁ ሚዛኖቹን ቁጠሩ።

አክባሪያችሁ፣
የቀድሞ ጭነት ቆጣሪ